ጋራዥ ሲደርስ የሚድነው ሞተር
ከጣርማ በር እስከ አታዬ የቻርጅ ብልሽትን ስለ መያዝ፤ ሸዋ ሮቢት ላይ ለመካኒኮችና ለሞተረኞች የቀረበ ዲስኩር

  

ሽቦው ተበጥሶ መብራቱ የጠፋ ሞተር አያስጨንቅም። ሽቦውን ተከትሎ የተበጠሰበት ቦታ መድረስ ነው። የሚያስጨንቀው ትናንት ማታ ከአታዬ ሲመለስ መብራቱ የደከመ፣ ክላክሱ የታፈነ፣ ዛሬ ጠዋት ግን በአንድ ንክኪ ተነስቶ ጋራዥ በር ላይ በጤናው የቆመ ሞተር ነው። ቴስተር ሲደረግበት 14 ቮልት ያሳያል። ባለቤቱ እንደ ዋሸ ሰው ያፍራል። መካኒኩም ደንበኛውን ባዶውን መመለስ ስለሚከብደው አንድ ነገር ይቀይራል፤ ብዙውን ጊዜ ባትሪ። አዲስ ባትሪ ደግሞ ብልሽቱን ለጥቂት ሳምንት ይሸፍነዋል። ከዚያ ሬጉሌተር ይቀየራል፤ ከዚያ ዲናሞ ይፈታል። ሦስቱም ተቀይረው ሞተሩ አሁንም ማታ ማታ ይደክማል።

ቆላ ያደገ ሰው ይህን ጠባይ ከወባ ያውቀዋል። ያንቀጠቅጣል፣ ያቃጥላል፣ ያልባል፣ ከዚያ ይለቃል። ትኩሳቱ የለቀቀውን ሰው ያየ አላፊ አግዳሚ ሁሉ ጤነኛ ነው ይላል። ጤና ጣቢያው ግን በመልኩ አይፈርድም፤ ትኩሳቱ መቼ እንደሚነሳ፣ ስንት ቀን እንደቆየ ይጠይቃል፤ ደሙንም ያያል።

ዛሬ የምከራከረው ለአንድ ሐሳብ ነው። መጥቶ የሚሄድ የቻርጅ ብልሽት የሚመጣበት ሁኔታ አለው፦ ሙቀት፣ ንዝረት፣ እርጥበት፣ የመሪ መዞር ወይም የጭነት መብዛት። ሁኔታው ሳይታወቅ ዕቃ መቀየር ቁማር ነው። ሁኔታውን ለመፍጠር ደግሞ እናንተ ያላችሁበትን አገር ያህል የሚመች ጥቂት ነው። ብልሽቱ በጋራዥ ጥላ ሥር አይገኝም፤ መንገዱ ላይ ይገኛል።

መንገዱን ታውቁታላችሁ፤ በኤሌክትሪክ ዓይን ግን እንየው። ከአዲስ አበባ የተነሳ የረጅም ጉዞ ሞተር 130 ኪሎ ሜትር ላይ ደብረ ብርሃን ይደርሳል። እዚያ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ የእጅ ማሞቂያ ያለው ትልቅ ሞተር ከሆነ ነጂው ይከፍተዋል። ጣርማ በር ላይ፣ ከ3,000 ሜትር ከፍታ በላይ፣ ጭጋግ ይቀበለዋል፤ የጭጋግ መብራቱንም ይጨምራል። ጣሊያን የቆፈረውን ዋሻ አልፎ ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ገዝቶ በአርማኒያ በኩል ቁልቁል ይወርዳል። ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ከፍታው ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ወርዷል። ያ ሁሉ ቁልቁለት ከ50 ኪሎ ሜትር በታች በሆነ መንገድ ውስጥ ነው። ጠዋት በጭጋግ የረጠበ ሶኬት እኩለ ቀን ላይ በይፋት ፀሐይ ይጠበሳል። ብረት ይሰፋል፣ ፕላስቲክ ይለሰልሳል፣ የላላ ሁሉ ይላቀቃል። ከዚያ ወደ ጀውሃና ወደ አታዬ ሜዳ ለሜዳ ሲነዳ ሞተሩ የመጨረሻ ሙቀቱ ላይ ይደርሳል። ሌላ ቦታ የሚኖር መካኒክ እነዚህን ሁኔታዎች ለማግኘት ወራት ይጠብቃል። እናንተ በአንድ ጠዋት ታገኟቸዋላችሁ።

አሁን ስለ አሠራሩ ጥቂት ልበል፤ የምታውቁት ነገር ቢሆንም የምንስማማበት መነሻ ያስፈልገናል። ማይክል ፋራዴይ በ1831 እ.ኤ.አ. ያሳየው ነው፦ ማግኔት በመዳብ ጥቅልል አጠገብ ሲንቀሳቀስ በጥቅልሉ ውስጥ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። በአብዛኞቹ ሞተሮች ዲናሞ ውስጥ ማግኔቱ ከሞተሩ ጋር ይሽከረከራል፤ ጥቅልሉ ባለበት ይቀመጣል። ከትልልቆቹ ሞተሮች ጥቅልል ብዙውን ጊዜ ሦስት ቢጫ ሽቦዎች ይወጣሉ። እነሱ የሚያመጡት ኤሲ ነው። ሬጉሌተሩ ሁለት ሥራ አለው፤ ኤሲውን ወደ ዲሲ ይለውጣል፣ ቮልቱንም ከ14 ተኩል ገደማ በላይ እንዳያልፍ ይገታል።

እንዴት ነው የሚገታው? ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። በብዙ ሞተሮች ላይ ያለው የተለመደው ሬጉሌተር ትርፉን ኤሌክትሪክ አያቆመውም፤ ቢጫዎቹን ሽቦዎች እርስ በርሳቸው እያገናኘ ወደ ጥቅልሉ ይመልሰዋል። ትርፉ ጥቅልሉ ውስጥና ሬጉሌተሩ ውስጥ ሙቀት ሆኖ ያልቃል። ስለዚህ «መብራት አጥፍቼ ሬጉሌተሩን አሳርፈዋለሁ» የሚል ሞተረኛ አላሳረፈውም። ባትሪው ሞልቶ፣ መብራቱ ጠፍቶ፣ ሞተሩ በከፍተኛ ዙር ሲሽከረከር ሬጉሌተሩ የሚመልሰው ትርፍ ይበዛል። ከደብረ ሲና ቁልቁል በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ እያጓራ የሚወርድ ሞተር በትክክል እዚህ ሁኔታ ውስጥ ነው። ሬጉሌተሩ መቀመጫው ሥር ወይም ነፋስ በማያገኝበት ጎን ላይ ከታሰረ፣ ክንፎቹም በጭቃ ከተደፈኑ፣ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ እጅ አያስነካም። በመስመሩ ላይ በተከታታይ (ሲሪስ) የሚገጠምና ትርፉን የሚያቋርጥ አዲስ ዓይነት ሬጉሌተር አለ፤ ሙቀቱ ያነሰ ነው። የሚገኝ ከሆነ ለቆላ እሱን እመርጣለሁ።

የእኛ አገር ትናንሽ ሞተሮች ጠባያቸው ይለያል። ብዙዎቹ ለካንዴላው የሚሆን ኤሌክትሪክ ከዲናሞው በቀጥታ ስለሚያገኙ ባትሪው ቢሞትም በርግጫ ተነስተው ይሄዳሉ። ይህ ለባለቤቱ በረከት ነው፤ ለምርመራው ግን እንቅፋት። ፍሬቻው ብልጭ ድርግም ማለት ትቶ፣ ክላክሱ ተዘግቶ፣ ባለቤቱ «ይሄ ምን ያደርግልኛል» እያለ ወራት ይነዳል፤ ወደ እናንተ ሲመጣ ባትሪው ከጥቅም ውጭ ሆኗል፤ መነሻው ምን እንደነበረ የሚናገር ማስረጃ የለም። በኮምፒውተር የሚመራ ነዳጅ የሚረጭ ትልቅ ሞተር ግን ይህን አይታገስም። የነዳጅ ፓምፑ፣ ኮምፒውተሩ፣ ካንዴላው፣ መብራቱ ተደምረው 10 አምፔር ገደማ ቢበሉ፣ 12 አምፔር ሰዓት የሆነ ጤነኛ ባትሪ በወረቀት ሒሳብ ከአንድ ሰዓት ትንሽ ያለፈ፣ በተግባር ግን ከዚያ ያነሰ ያቆየዋል። ከዚያ ሞተሩ መንተባተብ ይጀምርና ይቆማል። በግፊም አይነሳም።

ምርመራው የሚጀምረው በጥያቄ ነው። ሞተረኛውን አስቀምጡት፣ ሻይ አዙለት፣ ጠይቁት። ሲደክም ሞተሩ ስንት ሰዓት ተነድቶ ነበር? ወደ ላይ እየወጣ ነበር ወይስ እየወረደ? ዝናብ ነበር? ከመታጠቡ በፊት ነው ከታጠበ በኋላ? መሪው ሲታጠፍ ነው? መብራቱ ቀስ ብሎ ደከመ ወይስ ድንገት ጠፍቶ ተመለሰ? የመጨረሻው ጥያቄ ብቻውን የግማሽ ቀን ሥራ ይቀንሳል። ቀስ ብሎ የሚደክም መብራት ባትሪው እየተበላ ነው፣ የሚተካው የለም ማለት ነው፤ ወደ ዲናሞና ሬጉሌተር ያመለክታል። ድንገት ጠፍቶ የሚመለስ መብራት ግን የላላ ነገር ምልክት ነው፤ የባትሪ ካቦ፣ ቁልፉ፣ ዋናው ፊውዝ፣ ወይም ባትሪው ራሱ ውስጡ የተሰነጠቀ። መብራቱ ከወትሮው በላይ ደምቆ አምፖል የሚያቃጥል ከሆነ ደግሞ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ እመለስበታለሁ።

እያንዳንዱ ጋራዥ አንድ ደብተር ይኑረው እላለሁ። የሞተሩ ዓይነት፣ ቀኑ፣ ብልሽቱ የታየበት ቦታና ሰዓት፣ የተለካው ቮልት። ብዙ ወጪ የለውም። ሦስት ጊዜ የተመለሰ ሞተር ሦስቱንም ጊዜ ከጀውሃ ማዶ፣ ከቀትር በኋላ ከደከመ፣ ደብተሩ ሙቀት ነው ብሎ ነግሯችኋል።

ከጥያቄው በኋላ ባትሪው ይቀድማል፤ ታማሚ ባትሪ የሌላውን ዕቃ ልኬት ሁሉ ያበላሻል። እያንዳንዱ የእርሳስና የአሲድ ክፍል 2.1 ቮልት ነው፤ ስድስቱ ሲደመሩ 12.6። ሌሊቱን ያረፈ የሞላ ባትሪ 12.6 እስከ 12.8 ያሳያል፤ 12.2 ላይ ካለ ግማሽ ገደማ ነው። ሞተሪኖ ሲጫን ከ10 ቮልት በታች ብዙ የሚወርድ ከሆነ ሌላውን ከመለካት በፊት ባትሪው በደንብ ይሞላ፣ እንደገና ይፈተሽ። ያረፈ ቮልት ብቻውን ግን አያሳምናችሁ። በሁለት ክፍሎች መካከል ያለው ድልድይ የተሰነጠቀ ባትሪ ቁጭ ብሎ 12.7 ያሳያል፤ የፊት መብራት ተከፍቶ ባትሪው በእጅ ነቅነቅ ሲደረግ ድንገት ወደ ባዶ ይወርዳል። ኮረኮንች ላይ «ሁሉ ነገር ጠፍቶ ተመለሰ» የሚል ሞተረኛ ሲመጣ ይህን ሳትሞክሩ አትልቀቁት።

ቆላው ባትሪ ላይ የሚያደርሰው ሌላም ነገር አለ። ባትሪ በሞቀ ቁጥር የሚፈልገው የመሙያ ቮልት ይቀንሳል፤ በ20 ዲግሪ ሙቀት ልዩነት ወደ ግማሽ ቮልት ይጠጋል። ለቀዝቃዛ አገር የተስተካከለና ሁልጊዜ 14.5 የሚሰጥ ሬጉሌተር እዚህ ባትሪውን ያፈላዋል። ውሃው ይተናል፣ ሳህኖቹ ይራቆታሉ። ውሃ የሚጨመርበት ባትሪ ከሆነ በየጊዜው ከፍታችሁ እዩት፤ የሚጨመረውም የተጣራ ውሃ እንጂ የቧንቧ ውሃ፣ ከዚያም ይባስ ብሎ አሲድ አይሁን። አሲዱ አይተንም፤ የሚተነው ውሃው ነው።

አንድ ልማድ ላይ ደግሞ መቆጣት እፈልጋለሁ። ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ካቦ ነቅሎ «ከቆመ ዲናሞው ሞቷል፣ ካልቆመ ደህና ነው» የሚል ሙከራ። ከድሮ መኪና የተወረሰ ነው። የቮልቱን መዝለል የሚውጠው ባትሪው ነው፤ ሲነቀል ቮልቱ በአንድ ጊዜ ይተኮሳል፤ አምፖል ያቃጥላል፣ ሬጉሌተር ይገድላል፣ በትልቁ ሞተር ላይ ኮምፒውተሩን ያቃጥላል። የሚለካ ቴስተር እያለ ይህን ማድረግ ሞተሩን በገዛ እጅ መስበር ነው። የላላ የባትሪ ካቦም በየኮረኮንቹ ይህንኑ በደል ያደርሳል፤ ሬጉሌተር በየጊዜው የሚበላ ሞተር ካጋጠማችሁ ከሬጉሌተሩ በፊት የካቦውን ብሎን እዩ።

ባትሪው ጤነኛ ከሆነ ሞተሩ ይነሳ። ቴስተሩ በባትሪው ሁለት ጫፎች ላይ ይሁን። በሚኒሞ ላይ ዝቅተኛ ቢያሳይ አትደንግጡ፤ ብዙ ሞተሮች መብራት በርቶ በሚኒሞ እምብዛም አይሞሉም። ነዳጅ ሰጥታችሁ ከ3,000 እስከ 5,000 ዙር አድርሱት። ከ13.5 እስከ 14.5 መካከል ረግቶ ከቆመ በዚያች ደቂቃ ጤነኛ ነው። በዚያች ደቂቃ ብቻ። ብዙ ሰው ይህን አይቶ ሞተሩን ይመልሳል። ብልሽቱ ግን ገና አልተጠራም።

ስለዚህ ቴስተሩ ወደ መንገዱ ይሂድ። በመሪው ላይ የሚታሰር ትንሽ የቮልት ማሳያ ርካሽ ነው፤ ከሌለም ረጅም ሽቦ በባትሪው ላይ አስራችሁ፣ በሽቦው መሐል ፊውዝ ጨምራችሁበት፣ ቴስተሩን ነጂው ሊያየው በሚችልበት ቦታ በፕላስተር ማሰር ይቻላል። ከዚያ ብልሽቱ በታየበት ሰዓት፣ በታየበት አቅጣጫ ይነዳ። ዓይኑን ከመንገዱ እንዳይነቅል ከኋላው የሚቀመጥ ሰው ያንብብለት፤ አስፋልቱ ላይ የሚጓዘውን የጭነት መኪናና ግመል እናውቃለን። ቁጥሩ የሚናገረው በሁኔታው ነው። ከ14.2 ተነስቶ ሞተሩ እየሞቀ ሲሄድ 13.8፣ 13.1፣ 12.5 እያለ ከወረደ ሙቀት ነው። በጉድጓድ ላይ ከ14 ወደ 12 ዘሎ ከተመለሰ ንክኪ ነው። ቆማችሁ መሪውን ከዳር እስከ ዳር ስታዞሩ ከተቀያየረ፣ መሪው አንገት ላይ የሚታጠፈው የሽቦ ጥቅል ውስጥ ብረቱ ተቆርጦ ፕላስቲኩ ብቻ ይዞታል።

አሁን ወደ ሶኬቶች መጣሁ፤ እዚህ ላይ ብቆይ ይቅር በሉኝ፤ መጥተው ከሚሄዱ ብልሽቶች ብዙዎቹ የሚኖሩት እዚህ ነውና። ቢጫዎቹ ሽቦዎች ከሬጉሌተሩ ጋር የሚገናኙበት ሶኬት ብዙ አምፔር ያልፍበታል። ቀላል ሒሳብ እንሥራ። ሶኬቱ ውስጥ የላላ ወይም የዛገ ንክኪ 0.1 ኦም ብቻ ሬዚስታንስ ቢፈጥር፣ 20 አምፔር ሲያልፍበት 2 ቮልት ይጠፋል፤ 40 ዋትም በዚያች ትንሽ ብረት ላይ ሙቀት ይሆናል። 40 ዋት ማለት እንደ ጣት ጫፍ በሆነ ቦታ ላይ የሚነድ ትንሽ እሳት ነው። ፕላስቲኩ ይቀልጣል፣ ብረቱ ጥንካሬውን ያጣል፣ ንክኪው ይበልጥ ይላላል፣ ሙቀቱ ይበልጥ ይጨምራል። ሲቀዘቅዝ ደግሞ ብረቱ ይገናኝና ጠዋት ጤነኛ ይመስላል። 0.1 ኦምን ደግሞ በገበያ ያለው ተራ ቴስተር በኦም ሲለካ አያየውም፤ የራሱ የሽቦ ጫፎች ሬዚስታንስ ከዚያ ይበልጣል።

የሚያየው በቮልት ሲለካ ነው። ሞተሩ እየሠራ፣ መብራት በርቶ፣ ዙሩ ከፍ ብሎ፣ የቴስተሩ አንድ ጫፍ በሬጉሌተሩ የፖዘቲቭ መውጫ ላይ፣ ሌላው በባትሪው ፖዘቲቭ ላይ ይሁን። በሁለቱ መካከል ሽቦ ብቻ ስላለ ምንም ማለት ይቻላል መጥፋት የለበትም። ከ0.2 ቮልት በላይ ካሳየ በዚያ መሐል ቮልት የሚበላ ነገር አለ፤ ፊውዝ ቤቱ፣ የዲሲ መስመሩ ሶኬት፣ ወይም አንድ ጊዜ በጥርስ ተልጦ በፕላስተር የተጠቀለለ መጋጠሚያ። ቀጥሎ ከሬጉሌተሩ አካል እስከ ባትሪው ኔጋቲቭ እንዲሁ ይለካ። ሻንሲ ላይ የሚታሰረው ኔጋቲቭ ሽቦ ቀለም ላይ ታስሮ ወይም ዝገት ላይ ተቀምጦ ብዙ ባትሪ ያለ ጥፋቱ ተቀይሯል። ይህ ፈተና ዕቃ ሳይፈታ የሚሠራ ነው፤ በእኔ ግምት ከሌሎቹ ፈተናዎች ሁሉ ይበልጣል። ሲሞቅ ደግሞ ይደገም።

ሶኬት ለምን እዚህ ቶሎ ይታመማል ቢባል፣ አንዱ ምክንያት የመንገዳችን አቧራ ነው። ሌላው አጠባባችን ነው። ሞተሩ ከገጠር ማሾ ወይም ሽንኩርት ጭኖ አቧራ ለብሶ ሲመለስ ወንዝ ዳር ይወሰዳል፤ ገና ትኩስ እያለ ውሃ ይደፋበታል። ትኩስ ሶኬት ሲቀዘቅዝ እርጥበቱን ወደ ውስጥ ይስባል። ከዚያ አረንጓዴው ዝገት ይመጣል። ሞተሩ ይብረድ፤ ሬጉሌተሩና ሶኬቶቹ ያሉበት ቦታ ላይ ውሃ በግፊት አይረጭ። የቀለጠ ሶኬት ሲገኝ አንዱን ሽቦ ብቻ ማስተካከል አይበቃም። ወንዱም ሴቷም ይቀየሩ፤ ካልተገኘም ሦስቱን ቢጫ ሽቦዎች በሊድ በይዶ፣ በሙቀት በሚሸመቀቅ ቱቦ ለይቶ መሸፈን ለዓመታት ያገለግላል። ብየዳውን የማይወዱ አሉ፤ ንዝረት ይሰብረዋል ይላሉ። ሽቦው ከብየዳው ራቅ ብሎ በደንብ ከታሰረ አይሰበርም።

ሶኬቱ ንጹሕ ከሆነ ወደ ጥቅልሉ። ሞተሩ ሞቆ እንደቆመ፣ ሳይበርድ፣ ሦስቱን ቢጫ ሽቦዎች ከሬጉሌተሩ ነቅላችሁ እያንዳንዱን ከሞተሩ አካል ጋር ለኩ። ምንም ግንኙነት መኖር የለበትም። ቀዝቅዞ ንጹሕ ሆኖ ሲሞቅ ከአካሉ ጋር የሚገናኝ ጥቅልል መከላከያው ተቃጥሏል፤ ይህን ጠዋት ጋራዥ ውስጥ ዓመት ብትፈልጉት አታገኙትም። ከዚያ ሞተሩ ይነሳና ኤሲ ላይ ተደርጎ ሽቦዎቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ ይለኩ። ሦስቱ ጥንዶች ተቀራራቢ ቁጥር ይስጡ፤ ዙሩ ሲጨምር አብረው ይውጡ። በብዙ ትልልቅ ሞተሮች በ5,000 ዙር ከ50 ቮልት በላይ ይደርሳል፤ እጃችሁን ጠብቁ። ቁጥሩ ከመጽሐፉ ጋር ባይመሳሰል እንኳ አንዱ ጥንድ ከሁለቱ ከተለየ መልሱ ተገኝቷል። በኦም ስትለኩ ደግሞ አትቸኩሉ፤ የመዳብ ሬዚስታንስ በ100 ዲግሪ ጭማሪ 40 በመቶ ገደማ ያድጋል። ትኩስ ጥቅልል ከፍ ያለ ኦም ቢያሳይ ተፈጥሮው ነው፤ ወንጀለኛ አታድርጉት።

ጥቅልሉ ሲሞቅም ጤነኛ ከሆነ፣ ሶኬቶቹም ከጸዱ፣ የቀረው ሬጉሌተሩ ነው። ቮልቱ በወደቀበት ሰዓት ጥላ ሥር ቁሙ፣ ሞተሩ እየሠራ እርጥብ ጨርቅ ሬጉሌተሩ አካል ላይ አድርጉ፤ ሶኬቱን አታርጥቡ። ቮልቱ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ተመልሶ ከወጣ ሬጉሌተሩ ራሱ በሙቀት እየወደቀ ነው። ከመቀየራችሁ በፊት ግን ለምን እንደጋለ ጠይቁ። ነፋስ ወደሚያገኝበት ቦታ ማዛወር፣ ጭቃውን ማጽዳት፣ ከጠፍጣፋ ብረት ጋር በደንብ ማሰር አዲሱን ዕቃ ያቆየዋል።

ተገላቢጦሹን እመለስበታለሁ ብዬ ነበር። አንዳንድ ሬጉሌተሮች የባትሪውን ቮልት የሚያነቡበት የተለየ ቀጭን ሽቦ አላቸው፤ ብዙውን ጊዜ በቁልፉ በኩል ያልፋል። የቁልፉ ንክኪ ሲቆሽሽ ሬጉሌተሩ የሚያነበው ቮልት ከእውነተኛው ያንሳል፤ «ባትሪው ርቦታል» ብሎ ይጨምራል። ባትሪው ላይ 15 እና ከዚያ በላይ ይታያል፤ አምፖል ይቃጠላል፣ ባትሪው ያብጣል። ቁልፉን ነካ ነካ ስታደርጉ ቮልቱ ከተቀያየረ ሬጉሌተሩ ንጹሕ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ሦስት ሬጉሌተር ይገዛል። ትልቅ ሞተር ከሆነ ደግሞ ዕቃው አዲስ አበባ የመለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራም ላይገኝ ይችላል፤ ከውጭ በሰው ነው የሚመጣው።

ጭነቱን አትርሱ። ምንም ሳይበላሽ ቻርጅ የማይሞላ ሞተር አለ። ሆንዳ በ2001 እ.ኤ.አ. ያወጣው ጎልድዊንግ 1800 የ1,100 ዋት ዲናሞ አለው፤ የምትፈልጉትን ብትጨምሩበት ይችላል። ትንሿ ሞተር የዚያን ጥቂት እጅ ብቻ ነው የምታመነጨው። ሁለት ተጨማሪ ፓውዛ፣ ባለ ቀለም ጌጥ መብራት፣ ስፒከር፣ የስልክ ቻርጀር፣ የሌባ ማስጠንቀቂያ ይጨመርባታል። ቀን ላይ በዙር ስለምትሄድ ትችለዋለች፤ ማታ ገበያ መሐል በሚኒሞ ስትንፏቀቅ ባትሪዋን ትበላለች። ባለቤቱም «አንዳንዴ ይደክማል» ይላል። የእያንዳንዱን ዋት ደምሩ፣ ለ12 አካፍሉ፣ አምፔሩን ታገኛላችሁ። 55 ዋት የሆነ አንድ አምፖል ብቻውን አራት ተኩል አምፔር ነው። ሞተሩ ጠፍቶም የሚበላ ነገር ካለ፣ ቴስተሩን አምፔር ላይ አድርጋችሁ በኔጋቲቭ ካቦው መካከል ስታስገቡት ይታያል፤ ከጥቂት ሚሊ አምፔር ካለፈ ፊውዞቹን አንድ በአንድ እየነቀላችሁ የሚበላውን መስመር ፈልጉ። ቴስተሩ በዚያ ሁኔታ ላይ እያለ ግን ቁልፉን አትክፈቱ፣ ሞተሪኖም አትጫኑ፤ የቴስተሩ ፊውዝ ይቃጠላል።

መንገድ ላይ የደከመባችሁ ከሆነስ? ከአታዬ ወዲህ፣ ሌሊት፣ ቮልቱ 12 ላይ። የእጅ ማሞቂያ፣ ፓውዛ፣ ቻርጀር ሁሉ ይጥፋ። የፊት መብራት ለራሳችሁም ለሌላውም ሕይወት ነውና እሱን አጥፍታችሁ አትንዱ፤ እሱን ማብራት የማያስችል ደረጃ ላይ ከደረሰ ነዳጅ ማደያ ወይም ሰው ያለበት ቦታ ቁሙ። ሞተሩን አታጥፉት፤ ሞተሪኖው ያለውን ሁሉ ጠጥቶ ይጨርሰዋል። ሶኬቱ በእጅ የሚደረስበት ከሆነ ቆማችሁ ዳስሱት፣ ግን በጨርቅ። የጋለ ሶኬት ቆዳ ይልጣል።

ጥገናው ካለቀ በኋላ ሥራው አላለቀም። በበረደ ጋራዥ ያየነው 14.2 ቀድሞም ነበረን። ሞተሩ ብልሽቱ በታየበት ሰዓት፣ በዚያው መንገድ፣ በዚያው ጭነት ይነዳ፤ ወደ ደብረ ሲና ዳገቱን ይውጣ፣ ይውረድ፣ በቀትር ጀውሃን ይሻገር። በሬጉሌተሩና በባትሪው መካከል የሚጠፋው ቮልት እንደገና ይለካ፤ ቁጥሩ ደብተሩ ላይ ይጻፍ። ለባለቤቱም ያን ቁጥር ንገሩት፤ ሞተሩ በሚቀጥለው ጊዜ ሲደክም ከምን እንደወረደ ያውቃል።

ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አንሱ። ቴስተር ይዛችሁ የመጣችሁም ካላችሁ ሞተር ውጭ ቆሟል፤ ቢጫ ሽቦዎቹ በግራ በኩል ናቸው።